ስለ ጣዝማና ስለ ተባይ መድኃኒት

መድኃኒት የሚለው ቃል ባገራችን ባላገር ዘንድ ለሁለት ነገር ይነገራል። አንደኛው ከመሬት ውስጥ ተቆፍሮ የሚወጣው የጣዝማ ማር ነው፤ ይኸውም ለሳልና ለጉሮሮ ሕመም፣ ለሆድም ቁርጠት ከጥንት ጀምሮ ሲሰጥ የኖረ በመሆኑ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ገበሬ በጠርሙስ ገዝቶ፣ በውሃ በጥብጦ በአዝመራው ላይ የሚረጨው ፈሳሽ ነው። ነገር ግን ይህ ሁለተኛው በእውነቱ መርዝ ነው፤ መድኃኒት መባሉም ተባይን ስለሚያጠፋ ነው። እንግዲህ የዚህ ትምህርት ፍሬ ነገር በአጭር ቃል ይህ ነው፤ ሁለተኛው መድኃኒት ያለ ጥንቃቄ በሚረጭበት አገር የፊተኛው መድኃኒት ቀስ በቀስ ይጠፋል።

ይህም ጽሑፍ ለመምህራንና ፊደል ለሚያውቁ ሽማግሎች የተሰናዳ ነው። መምህራን ለተማሪዎቻቸው እንዲያስረዱት፣ ሽማግሎችም በማኅበርና በሰንበቴ፣ በዕድርና በደቦ ላይ ለጎረቤቶቻቸው እንዲነግሩት ይገባል። በዚህ ውስጥ የተጻፉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1ኛ፤ ጣዝማ ምን እንደ ሆነች

ጣዝማ የንብ ዘመድ ናት፤ ንብ ግን አይደለችም። አካሏ ከንብ አካል ግማሽ ያህል ነው። መንደፊያዋ እጅግ አጭርና የማይሠራ ስለ ሆነ ሰውን መንደፍ አትችልም። እንደ እርስዋ ያሉ የማይናደፉ ማር ሠሪዎች በአፍሪካ፣ በደቡብና በመካከለኛው አሜሪካ፣ በእስያና በአውስትራሊያ ሞቃት አገሮች ይኖራሉ፤ ዓይነታቸውም ከ500 ይበልጣል። ያገራችንን ጣዝማ ጣሊያናዊው ሊቅ ግሪቦዶ በ1879 ዓ.ም. በመጽሐፍ መዝግቦ፣ ለአገሩ ሰው ለመንገደኛው ለቤካሪ መታሰቢያ ስም ሰጥቷታል። ዛሬ በሊቃውንት ዘንድ ሜሊፖኑላ ቤካሪ ተብላ ትጠራለች። የኛ ሰው ግን ያ መጽሐፍ ከመጻፉ በፊት ከብዙ ዘመን ጀምሮ ጣዝማ እያለ ያውቃት ነበር።

2ኛ፤ የጣዝማ ጎጆ

ብዙዎቹ የጣዝማ ዘመዶች በዛፍ ግንድ ውስጥ ሲኖሩ ያገራችን ጣዝማ ከምድር በታች ትኖራለች። ራስዋ ጉድጓድ አትቆፍርም፤ ጉንዳን ወይም ምስጥ ትቶት የሄደውን ባዶ ስፍራ ወይም ሌላ የመሬት ውስጥ ዋሻ ታገኝና በዚያ ትሠፍራለች። ከላይ የሚታየው አንዲት ጠባብ ቀዳዳ ብቻ ነው። ማር ቆፋሪዎች ይህችን ቀዳዳ ካገኙ በኋላ መንገዱ እንዳይጠፋባቸው ቀጭን የሣር አገዳ ወደ ውስጥ እየሰደዱ ይከተላሉ።

ጎጆዋ የተሠራው ከሰም ብቻ አይደለም። ጣዝማ ከዛፍ የሚንጠባጠበውን ሙጫ ሰብስባ ከሰሟ ጋር ትለውሰዋለች፤ ጭቃም ትጨምርበታለች። በዚህም ልውስ ጎጆዋን ከእርጥበትና ከጉንዳን ትጠብቃለች። ማሩን እንደ ንብ በእንጀራ አታኖረውም፤ እንደ ትንንሽ እንስራ ባሉ ክብ ማድጋዎች ታኖረዋለች። የአበባውንም ዱቄት እንዲሁ በሌሎች ማድጋዎች ለብቻው ታከማቻለች።

ልጆቿን የምታሳድግበትም መንገድ ከንብ የተለየ ነው፤ ይህን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ኋላ ስለ መርዙ ስንናገር እንመለስበታለን። ንብ እጯን በየጊዜው እየጎበኘች ትመግባለች፤ የምትሰጣትም ምግብ ከሞግዚቶቹ ንቦች ራስ ውስጥ የሚመነጭ እንደ ወተት ያለ ነገር ነው። ጣዝማ ግን ለእያንዳንዱ እጭ ትንሽ ክፍል ትሠራለች፤ ለአንድ ዕድሜ የሚበቃውን ምግብ፣ ይኸውም የአበባ ዱቄትና ማር የተቀላቀለበትን ስንቅ፣ በአንድ ጊዜ ትሞላበታለች። እናቲቱ ዕንቁላልዋን በላዩ ትጥላለች፤ ሠራተኞቹም አፉን ይደፍኑታል። ከዚያ በኋላ ማንም አይጎበኘውም። እጩ የተሰጠውን ስንቅ እየበላ አድጎ ክንፍ አውጥቶ ይወጣል።

3ኛ፤ የተባይ መድኃኒት እንዴት እንደ መጣ

አባቶቻችን ተባይን በእጅ እየለቀሙ፣ በአመድና በጢስ፣ እርሻንም እያፈራረቁ በመዝራት ይከላከሉ ነበር። የስዊስ ተወላጅ የሆነው ጳውሎስ ሙለር ዲዲቲ የሚባለው ቅመም ነፍሳትን እንደሚገድል በ1939 ዓ.ም. አገኘ፤ ስለዚህም በ1948 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ። ዲዲቲ በወባ ላይ ብዙ ሰው አድኗል። ነገር ግን በአፈርና በእንስሳት ስብ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይጠፋ የሚቆይ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ በ2001 ዓ.ም. በስቶክሆልም ከተማ በተፈረመው ያገሮች ውል ለእርሻ እንዳይውል ተከለከለ፤ የወባን ትንኝ ለማጥፋት ብቻ በልዩ ሁኔታ ተፈቀደ።

ከዲዲቲ በኋላ ሌሎች ተከተሉ። ማላታዮንና ክሎርፓይሪፎስ የሚባሉት የነፍሳትን ጅማት እያወኩ ይገድላሉ። ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ኢሚዳክሎፕሪድ የሚባለውና ወንድሞቹ ወጡ። እነዚህ በቅጠሉ ላይ ብቻ አይቀሩም፤ ዘሩ ከተለወሰባቸው ወይም አፈሩ ከጠጣቸው በሥሩ ገብተው በተክሉ ሁሉ ይዘዋወራሉ፤ እስከ አበባውም ድረስ ይደርሳሉ። ስለዚህ አበባው ውብ ሆኖ ሳለ የሚቀሰመው ጣፋጭ ውሃ መርዝ የያዘ ሊሆን ይችላል። የአውሮፓ አገሮች ማኅበር ኢሚዳክሎፕሪድንና ሁለት ወንድሞቹን ከቤት ውጭ በሆነ እርሻ ላይ እንዳይውሉ በ2018 ዓ.ም. የከለከለው ንቦችን ስለሚጎዱ ነው።

4ኛ፤ መርዙ ወደ ጣዝማ የሚደርስባቸው መንገዶች

መንገዶቹ አምስት ናቸው።

አንደኛ፤ በአየር ነው። ፀሐይ ወጥታ ጣዝማ በአበባ ላይ ሳለች ቢረጭ፣ ጠብታው በአካሏ ላይ ያርፋል፤ በዚያው ትሞታለች።

ሁለተኛ፤ በምግብ ነው። በአበባው ላይ ያረፈውን ወይም ከሥር የወጣውን መርዝ ከዱቄቱና ከጣፋጩ ውሃ ጋር ወደ ጎጆዋ ይዛ ትገባለች። እዚያም በማድጋ ይከማቻል።

ሦስተኛ፤ በሙጫና በጭቃ ነው። ንብ ጭቃ አትሰበስብም፤ ጣዝማ ግን ጎጆዋን በጭቃና በሙጫ ስለምትሠራ በአፈርና በቅርፊት ላይ የወደቀውን መርዝ ትለቅማለች፤ የቤቷንም ግድግዳ በእርሱ ትለስናለች።

አራተኛ፤ በውሃ ነው። ገበሬ በጀርባ የሚታዘለውን መርጫ በምንጭ ዳር ቢያጥብ፣ ወይም ባዶውን ጠርሙስ በወንዝ ቢጥል፣ ከዚያ የሚጠጣው ሁሉ ይመረዛል።

አምስተኛ፤ በመሬት ነው። ጎጆዋ በእርሻ ድንበር ወይም በማሳ መካከል ከሆነ፣ በአፈር ላይ የፈሰሰው ወይም ከዘር ጋር የተዘራው መርዝ ከዝናብ ጋር ወደ ታች ይሰርጋል። በዛፍ ላይ የተሰቀለ ቀፎ ከዚህ ይድናል፤ የምድር ጎጆ ግን አይድንም።

5ኛ፤ ጣዝማ ከንብ ይልቅ የምትጎዳበት ምክንያት

መርዝ ሲመረመር ብዙ ጊዜ የሚፈተነው በንብ ላይ ነው። በጠርሙሱ ላይ ለንብ የሚያሠጋ አይደለም ተብሎ ቢጻፍ ለጣዝማ አያሠጋም ማለት አይደለም። ምክንያቱም አራት ነው።

የመጀመሪያው፤ አካሏ ትንሽ ነው። ንብን ብቻ የሚያደክም መጠን ትንሿን ጣዝማ ሊገድላት ይችላል።

ሁለተኛው፤ ከላይ እንደ ተናገርነው እጯ የተሰፈረላትን ስንቅ እስከ መጨረሻው ትበላለች። በንብ ዘንድ ሞግዚቷ የተመረዘውን ምግብ በልታ ከራስዋ የሚመነጨውን ወተት ስለምትሰጥ፣ ከመርዙ ብዙው በሞግዚቷ አካል ይቀራል። የጣዝማ እጭ ግን እንዲህ ያለ ከለላ የላትም፤ ስንቁ መርዝ ከያዘ ቤቷ ተደፍኖ ከመርዙ ጋር ትኖራለች።

ሦስተኛው፤ ጣዝማ መሸሽ አትችልም። ንብ ቤቷ ቢበላሽባት መንጋዋን ይዛ ከነንግሥቷ ትሰደዳለች። የጣዝማ እናት ግን ዕንቁላል መጣል ከጀመረች በኋላ ሆዷ እጅግ ስለሚያብጥ መብረር አትችልም። ሠራተኞቹም ምግብ ፍለጋ ሲወጡ እንደ ንብ እሩቅ አይሄዱም፤ በአጠገባቸው ካለው ማሳ ይቀስማሉ። ያ ማሳ ከተመረዘ ሌላ ማሳ የላቸውም።

አራተኛው፤ ቶሎ አትተካም። ንብ በአንድ ቀን ሰፍና ወጥታ አዲስ ቤት ትይዛለች። ጣዝማ ግን አዲስ ጎጆ ስትሠራ፣ ሠራተኞቹ ከእናት ጎጆ ሰምና ሙጫ፣ ማርና ዱቄት ለብዙ ቀን እያመላለሱ መጀመሪያ ቤቱን ያሰናዳሉ፤ ወጣቷ እናት የምትገባው ኋላ ነው። ስለዚህ አዲሱ ጎጆ ከአሮጌው ብዙ አይርቅም፤ አሮጌው ከሞተም አዲስ አይወለድም። ከአንድ ቀበሌ የጠፋች ጣዝማ ከሩቅ አገር በርራ አትመጣም።

6ኛ፤ ሳይገድል የሚያደርሰው ጉዳት

መርዝ ያልገደለው ሁሉ ዳነ ማለት አይደለም። በብራዚል አገር ማንዳሳያ የምትባል የጣዝማ ዘመድ አለች። በዚያ አገር ያሉ ሊቃውንት እጮቿን በቤተ ሙከራ እያሳደጉ በምግባቸው ውስጥ ጥቂት ኢሚዳክሎፕሪድ ጨመሩ። በ2012 ዓ.ም. ባሳተሙት ጽሑፍ እንደ ገለጹት፣ ብዙ የተጨመረባቸው ሞቱ፤ ጥቂት የተጨመረባቸው ግን አድገው ወጡ። ነገር ግን አእምሮአቸው ሲመረመር ለትምህርትና ለትዝታ የሚያገለግለው ክፍል በደንብ ሳያድግ ቀርቶ ተገኘ፤ አካሄዳቸውም ደካማ ነበረ። እንዲህ ያለች ጣዝማ አበባ ያለበትን ስፍራ ልታስታውስ፣ ወደ ጎጆዋም በደኅና ልትመለስ እንዴት ትችላለች?

በ2015 ዓ.ም. ደግሞ በዚችው በማንዳሳያ ላይ ሁለት ከተፈጥሮ የሚገኙ መርዞች ተፈተኑ። አንዱ ከኒም ዛፍ የሚወጣው ነው፤ ሁለተኛው ስፒኖሳድ የሚባለው በአፈር ውስጥ ከሚኖሩ በዓይን ከማይታዩ ፍጥረታት የሚገኘው ነው። ሁለቱም እጮቹን ጎዱ፤ አካለ ጎደሎ የሆኑም ተወለዱ። ከዚህ የምንማረው፣ ከቅጠል ወይም ከአፈር የተገኘ መርዝ ስለ ሆነ ብቻ ጉዳት የለውም ብሎ መታመን እንደማይገባ ነው።

7ኛ፤ ጣዝማ ብትጠፋ የሚጎድለው ነገር

ማሯ ብቻ የሚጎድል የሚመስለው ሰው ይኖራል። የጣዝማ ማር ከአንድ ጎጆ የሚገኘው ጥቂት ነው፤ ዋጋው ግን በገበያ ከንብ ማር ይበልጣል። ከማሩ የሚበልጥ ሥራዋ ግን የአበባን ዱቄት ከአበባ ወደ አበባ ማድረስ ነው። ጤፍና ስንዴ ለዚህ ነፍሳትን አይፈልጉም፤ ራሳቸውን በራሳቸው ያፈራሉ። ኑግ ግን ከሌላ ኑግ ዱቄት ካልመጣለት በደንብ አያፈራም፤ ዱቄቱንም የሚያመጡለት ንቦችና ሌሎች ነፍሳት ናቸው። ባቄላና ቡናም ነፍሳት ሲጎበኟቸው ምርታቸው ይሻሻላል። ስለዚህ ተባዩን ለማጥፋት የተረጨው መርዝ ፍሬ የሚያሲዙትን ከገደለ፣ ገበሬው በአንድ እጁ የዘራውን በሌላው እጁ እንደ ነቀለ ይቆጠራል።

ሌላም ነገር አለ። የንብ ቀፎ ባለቤት አለው። ንቦቹ በመርዝ ቢያልቁ ባለቤቱ ወደ ዳኛ ይሄዳል፤ ጎረቤቱን ይጠይቃል፤ ካሣም ይፈልጋል። ጣዝማ ግን ባለቤት የላትም። ከምድር በታች ትሞታለች፤ ቀዳዳዋ በአፈር ይደፈናል፤ ማንም ሞተች አይልም። አንድ ሕመምተኛ ማሯን ሲፈልግ ድሮ ከዚህ ስፍራ ትገኝ ነበር ከማለት በቀር የሚመልስ አይገኝም። ስለዚህ ባለቤት የሌላትን ፍጥረት ቀበሌው ሁሉ ባለቤት ሆኖ ሊጠብቃት ይገባል።

8ኛ፤ ገበሬው ምን ያድርግ

ገበሬውን መርዝ ስለ ረጨ ብቻ መውቀስ ተገቢ አይደለም። የአሜሪካ መጤ ተምች የሚባለው በ2017 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ በቆሎን አጠቃ። በ2019 እና በ2020 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ መጥቶ አዝመራ በላ፤ መንግሥትም በአውሮፕላን ጭምር እስከ መርጨት ደርሷል። ልጆቹን የሚመግብ ሰው አዝመራው ሲበላ ቆሞ ሊያይ አይችልም። ነገር ግን ሳያስፈልግ ከመርጨት፣ ከተፈቀደው መጠን በላይም ከመርጨት መጠበቅ ይቻላል። በ2009 ዓ.ም. ስለ ንብ ሀብት ልማትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 660፣ በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ስለ ፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674 የወጡት ይህን የመሰለው ነገር ሥርዓት እንዲኖረው ነው። እንግዲህ የሚከተለው ይጠበቅ።

ሀ. ከመርጨት በፊት ማሳውን በእግር ዞሮ ተባዩ መኖሩንና ብዛቱን መመልከት። በጥቂት ተክል ላይ ብቻ ከሆነ በእጅ መልቀም ይሻላል።

ለ. አዝመራው አበባ በያዘበት ጊዜ አለመርጨት። የግድ ከሆነ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ ነፋስ በሌለበት ሰዓት መርጨት። ይህ ግን በአየር የሚመጣውን ጉዳት ይቀንሳል እንጂ በአበባና በአፈር የሚቀረውን አያስቀርም።

ሐ. የጣዝማ ጎጆ ባለበት ዙሪያ መርዝ አለመርጨት፤ ስፍራውም እንዲታወቅ ድንጋይ መከመር ወይም ችካል መትከል።

መ. መርጫውን ከምንጭና ከወንዝ አርቆ ማጠብ፤ ባዶውን ዕቃ ለውሃም ሆነ ለዘይት አለመጠቀም።

ሠ. በእርሻ ድንበር ላይ አበባ ያላቸውን ዕፀዋትና ሙጫ የሚያወጡትን ዛፎች መተው፤ ጣዝማ ከማሳው ሌላ የምትቀስምበት እንዲኖራት።

ረ. ከሚረጭበት አንድ ቀን በፊት ለጎረቤት መንገር፤ ባለ ቀፎ ቀፎውን እንዲጠብቅ፣ የጣዝማ ስፍራ የሚያውቅም እንዲያሳይ።

ሰ. ማር ቆፋሪም ድርሻ አለበት። ጎጆውን ሁሉ አፍርሶ እናቲቱን የሚገድል ሰው ከመርዝ አይሻልም። የማሩን ማድጋዎች ብቻ ወስዶ እጮቹ ያሉበትን ክፍል ሳይነካ ጉድጓዱን መልሶ መክደን ይገባዋል። ጣዝማን ከመሬት አውጥቶ በሣጥን ለማኖር ባገራችን የተደረገ ሙከራ ስላለ፣ ወደ ፊት ከመቆፈር ማርባት የተሻለ ይሆናል።

9ኛ፤ ለመምህራን

ይህ ትምህርት በቃል ብቻ እንዳይቀር ተማሪዎች በዓይናቸው ይዩት። መምህሩ በቀበሌው ያሉትን የጣዝማ ጎጆዎች ከሽማግሎች ጠይቆ በአንድ መዝገብ ይጻፍ፤ በየትኛው ማሳ ድንበር፣ በየትኛው ዛፍ አጠገብ እንደ ሆነ ያመልክት። ቀጥሎም ተማሪዎች ከአንዱ ጎጆ ጥቂት ርቀው ተቀምጠው፣ ጧት ፀሐይ ሞቅ ሲል ለ5 ደቂቃ ወደ ቀዳዳው የሚገቡትን ጣዝማዎች ይቁጠሩ። በየሳምንቱ በአንድ ሰዓት ቆጥረው ይጻፉ። በአካባቢው መርዝ ከተረጨም ቀኑ ይመዝገብ፤ ሕፃናት ግን በቅርብ ቀን ወደ ተረጨ ማሳ ከቶ እንዳይገቡ ይከልከል። ዓመቱ ሲፈጸም መዝገቡ የትኛው ጎጆ እንደ በረታ፣ የትኛውም እንደ ደከመ ያሳያል። ባለቤት ለሌላት ጣዝማ ይህ መዝገብ ምስክር ይሆንላታል።

ጥያቄዎች

1. ጣዝማ ከንብ በምን ትለያለች?
2. መርዝ ወደ ጣዝማ ጎጆ የሚደርስባቸውን አምስት መንገዶች ጥቀሱ።
3. የጣዝማ እጭ ከንብ እጭ ይልቅ በመርዝ የምትጎዳው ስለ ምንድር ነው?
4. የኢሚዳክሎፕሪድ መርዝ በአበባ ውስጥ የሚገኘው እንዴት ነው?
5. ኑግ ነፍሳትን የሚፈልገው፣ ጤፍ ግን የማይፈልገው ለምንድር ነው?
6. በቀበሌያችሁ ድሮ ጣዝማ ትገኝበት የነበረ፣ ዛሬ ግን የማትገኝበት ስፍራ አለን? አያቶቻችሁን ጠይቃችሁ ጻፉ።

ስድስተኛው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል፤ መልሱ በመጽሐፍ ሳይሆን በሽማግሎች ዘንድ ይገኛልና። ሽማግሎችም ሕፃናት ሲጠይቁአቸው ስፍራውን በስሙ እየጠሩ ይንገሩአቸው። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ ጣዝማ ገና ሳትጠፋ ስፍራዋን ያወቀ ቀበሌ ሊጠብቃት ይችላል።